አሥራ ስምንተኛ ሳምንት

ሻርጃ፣ ከሐራጁ ሜዳ፣
«ቆማ ነው የኖረች» አለኝ፤ «እምብዛም ሳትነዳ፤
ባለቤቷ አሮጊት ናቸው፣ ዓርብ ዓርብ ብቻ
ለቅሶ ደርሰው መልስ፣ ወይ የልጅ ጋብቻ፤
ኪሎ ሜትሯን እዪው! ጎማዋንም ዳስሺው!»
ዳሰስኩት። ጥቁር ነው፤ ያበራል። ቅባት ነው ለካ ያስዋሸው።

ነጭ ያሪስ። የኔ። በአሥራ አንድ ዓመት የመጀመሪያዬ፣
የሰው ምንጣፍ ጠርጌ፣ የሰው ልጅ አዝዬ፣
ሌሊት በሞባይሌ የመንገድ ሕግ አጥንቼ፣
መንጃ ፈቃድ ሦስቴ ወድቄ፣ በአራተኛው ተነሥቼ።
ቁልፏን ስቀበል እጄን ደነቀው፤
ቁልፍ ማቀበል እንጂ መያዙን መች ሊያውቀው።

ዓርብ ነው፤ ነሐሴ። ዘምዘም ከጎኔ ናት፣
የከሚሴ ልጅ፣ ከወሬዋ በፊት ሳቋ የሚቀድማት።
ዘይድ ገበያ ወርደን ማንጎ ልንገዛ፣
መስኮቱ ተዘግቶ፣ ነፋሱ ቀዝቅዞ፣ ቀልዷ እየበዛ፣
መቶ አሥር ላይ ነበርኩ።

ከዚያ አንድ ድምፅ።
ጥይት አይደለም፤ የበር መላተምም አይደለም፤
የሰማሁትን ሁሉ ባስብ የሚመስለው የለም፤
ወፍራም ጨርቅ ይመስል ከነነፍሱ ሲተረተር፣
መሪው እጄን ጥሎ ወደ ግራ ሲበር፣
«ፍሬን እንዳትይዢ!» ያለኝ ማን ነበር?
ዘምዘም መንዳት አታውቅም፤ እኔም አፌን አልከፈትኩም፤
ብቻ እግሬን አነሣሁ። የማን ድምፅ እንደሆነ ዛሬም አላወቅሁም።

ቆምን።
አቧራው ቀድሞን አለፈ፤ ዞሮ ደግሞ መጣብን።
በሩን ስከፍት ሙቀቱ እንደ ሰው ደረቴን ገፋኝ።
ሁለት ግመሎች፣ ከሽቦው አጥር ወዲያ፣
አዩን፤ ማመንዠካቸውን አላቆሙም፤ ምን ቸገራቸው በእኛ ገበያ።

ስኮርታ አለ፤ ክሪክ የለም፤
ቡሎን መፍቻ የለም፤ ሻጩም ስልክ አያነሣም።
ዘምዘም «ያ አላህ» አለች፤ እኔ «ማርያም» አልኩ፤ ተያየን፤ ሳቅን፤
ሳቁ ሲያልቅ ነው ጉልበታችን የከዳን።

ፒካፑን ያቆመው ሽማግሌ ጢሙ በሒና ቀልቷል፤
ጎሚስታ ነው፤ «በንሸር» ይሉታል፤
ጉል ረህማን፣ ከፔሻዋር ማዶ፣
ሠላሳ ዓመት የሰው ጎማ ሲነፋ የእሱ ሳንባ ባዶ።
በእኔና በእሱ መሃል የተሰበረ ዓረብኛ ነው፤
የጎደለውን እጁ ነው የሚሞላው።

የፈነዳውን አጋደመ፤ ጎኑን በአውራ ጣቱ ጠረገ፤
ከቅባቱ ሥር ቁጥር ወጣ።
«አንብቢ።» አንድ፣ ስምንት፣ አንድ፣ አራት።
«አሥራ ስምንተኛ ሳምንት፤ ዓመቱ አሥራ አራት።
ይሄ ጎማ መቼ ሮጠ? አላለቀም ጥርሱ፤
ቆሞ ነው ያረጀው፤ ከውስጥ ነው ያለቀች ነፍሱ።»

በእኛ ሁለት ሺህ ስድስት ነው፤ ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል።
በጣቴ ቆጠርኩ፤ ደግሜ ቆጠርኩ።
ያን ሳምንት ነው እኔ የወረድኩ፣ በተዋስኩት ሻንጣ፣
አውሮፕላን ጣቢያ ላይ ፓስፖርቴ ከእጄ የወጣ።
ማዳም ለእህቷ በስልክ ስታወራ ሰምቻለሁ፦
«ጥሩ ልጅ ናት፤ አትወጣም፤ ከቤት ነው የምትኖር፤
ዓርብ ዓርብ ብቻ፣ እሱም ከሰዓት፣ ሱቅ ደርሳ ልትዞር።»
ያኔ ምስጋና መስሎኝ ነበር።

ስኮርታውን አሠረልን። ሃያ ድርሃም ሰጠሁት፤ አሥሩን መለሰ።
በእግሩ የቀሩትን ሦስቱን መታ መታ አድርጎ፣
«እኩዮች ናቸው» አለ፤ «ከስድሳ እንዳታልፊ»፤ ሄደ።

ማንጎው ቀረ። ተመለስን፣ የአደጋ መብራቷ እየቆጠረ፣
የጭነት መኪና ሁሉ ጡሩምባ እየነፋብን፣
ደመወዝ ሲወጣ ሁለቱን፣ በሚቀጥለው ወር ሁለቱን፣
እያልኩ በሆዴ ሳሰላ፣
ሻርጃ መግቢያ፣ ቀይ መብራት ላይ፣
ጣቶቼ አንገቴን፣ ከጆሮዬ ሥር፣ ሲዳስሱ አገኘኋቸው።
«ምን ጠፋሽ?» አለች ዘምዘም።
«ቁጥር» አልኳት።
«የምን ቁጥር?»
መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።